በመድኃኒት ላልተሻለ ድባቴ የሚሰጥ የማግኔት ሕክምና

ጥያቄ፦ እህቴ ሁለት ዓይነት የድባቴ መድኃኒት በሙሉ መጠን ብትወስድም ስላልተሻላት፣ ሐኪሟ አንጎልን ከውጭ በማግኔት የማነቃቃት ሕክምና እንድትሞክር መክረዋታል። እርሷ ግን «አደንዝዘው ኤሌክትሪክ ሊሰጡኝ ነው» ብላ ፈርታለች። አሠራሩን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ እህትዎ የፈሩት በሰመመን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ይመስለኛል። በዚህኛው ታካሚው ነቅቶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ከግንባሩ በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል የሚደገፈው የሽቦ ጥቅል የሚፈጥረው ማግኔታዊ ምት የራስ ቅልን አልፎ ስሜትን በመቆጣጠር ድርሻ ያለውን የአንጎል ክፍል ያነቃቃል። ምቱ ቋ ቋ ስለሚል የጆሮ መከላከያ ይደረጋል፤ የራስ ቆዳን ይቆረቁራል፣ ራስ ምታትም ሊያስከትል ይችላል። አሜሪካ ለድባቴ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ሌላ መልስ፦ በተለመደው አሰጣጥ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚቆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ባይታይ ተስፋ እንዳይቆርጡ አደራ እላለሁ። ሁሉንም ታካሚ አያሽልም። በጭንቅላታቸው ውስጥ ብረት ወይም የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ካለ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ካለባቸው ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እምብዛም ባያጋጥምም ምቱ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሦስተኛ መልስ፦ ረጅም ጊዜ መቀመጡ የሚከብዳቸው ከሆነ፣ በየቀኑ 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚወስድ ዓይነትም አለ፤ ውጤቱ በየቀኑ 37 ደቂቃ ገደማ ከሚወስደው ከተለመደው አሰጣጥ እንደማያንስ በጥናት ታይቷል። መድኃኒታቸውን ግን ሐኪማቸው ሳያውቁ አያቋርጡ።