ሸክላ አፈር ከአሸዋ ይልቅ ወንዙን ለምን ያስቸግረዋል? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ወንዝ አፈር እንዴት እንደሚሸረሽር፣ እንደሚያጓጉዝና እንደሚያስቀምጥ እያስተማርኩ ነው። አንድ ተማሪ የጠየቀኝን መመለስ አቅቶኛል።

ስዊድናዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ፊሊፕ ዩልስትሮም በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ግራፍ ታውቁታላችሁ፤ በየመጠኑ ያለውን የአፈር ቅንጣት ለማንሳት ውሃው ምን ያህል መፍጠን እንዳለበት ያሳያል። መካከለኛ አሸዋን ለማንሳት በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሄድ ውሃ ይበቃል። ጠጠር ሲሆን ፍጥነቱ መጨመሩ ግልጽ ነው፤ ይከብዳላ! የሚገርመው ሌላው ጫፍ ነው። ከአሸዋ እጅግ የደቀቀው ሸክላ አፈርም እንደ ጠጠሩ ኃይለኛ ውሃ ይፈልጋል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው፤ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። አንዴ ከተነሳ ግን ውሃው ጸጥ እስኪል አይወርድም። ክረምት ላይ የወንዝ ውሃ በብርጭቆ ቅዱ፤ አሸዋው ወዲያው ከታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ግን በማግስቱም ድፍርስ ነው።

የተማሪው ጥያቄ፦ "ሸክላው እንዲህ እምቢተኛ ከሆነ፣ አባይ በሐምሌና በነሐሴ ያንን ሁሉ ደቃቅ ደለል ከየት ያመጣዋል?"

የኔ ግምት፣ ዝናቡ የታረሰውን ተዳፋት ፈረካክሶ ለጅረቱ ያቀብለዋል የሚል ነው። የወንዙ ዳርቻ ሲናድስ? የፎገራን ጥቁር አፈር ያየ ያውቀዋል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው ከሥር ይቦረቡረውና እየተገመሰ ይወድቃል። ይሄም በዚያው ግራፍ ይለካል ወይስ ሌላ ስሌት አለው?

ሃይድሮሎጂ የምታውቁ፣ ለ9ኛ ክፍል በሚገባ ቋንቋ ብታስረዱኝ። ላቦራቶሪ የለንም፤ ባልዲና አሸዋ ግን አይጠፋም።