«ሮኒን»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ የጃፓን ሳሙራይ ፊልሞችን ለጓደኞቼ በአማርኛ እተርካለሁ። «ሮኒን» ላይ ስደርስ፣ ጌታ የሌለው ሳሙራይ ማለት ነው፣ ቃል ያጥረኛል። «ተንከራታች ጦረኛ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ግን ጠብ አላለልኝም። እነዚህን ከባድ ከባድ ፊልሞች «ጨለማ ፊልም» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦
መጀመሪያ «ሳሙራይ»ን እንፍታው። ከድሮ የጃፓንኛ ግስ የመጣ ነው፤ ከጌታ አጠገብ ሆኖ ማገልገል ማለት ነው። «ጦረኛ» ብቻ ካልነው ጌታው ይረሳል። እኔ «ባለ ሰይፍ ሎሌ» እላለሁ። በእኛም አገር ድሮ «አሽከር» ሲባል መሣሪያ ታጥቆ ጌታውን ተከትሎ የሚዘምተውንም ይጨምር ነበር።

«ሮኒን» የሚጻፈው «ማዕበል» እና «ሰው» በሚሉ ሁለት ፊደላት ነው። ስለዚህ «ተንከራታች» ከሥሩ አይርቅም። ግን ሰውየው ለምን እንደሚንከራተት አይነግረንም። ጌታው ሞቶበት ወይም የጌታው ግዛት ተወርሶ ነው። የሳሙራይ ደመወዝ በሩዝ ይሰፈር ስለነበር፣ ጌታው ሲጠፋ ቀለቡም አብሮ ይቋረጣል። «ከእንጀራው የተፈናቀለ ሎሌ» ብትላቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

የማሳኪ ኮባያሺን «ሃራኪሪ» (እ.አ.አ. 1962) ካየህ ይህ ፍንትው ይላል። ታሪኩ በ1630 ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ውስጥ ነው። ያኔ ጃፓንን የሚገዛው የቶኩጋዋ መንግሥት ብዙ መሳፍንትን ነቅሎ ሎሌዎቻቸው ሜዳ ላይ ወድቀዋል። ታትሱያ ናካዳይ የሚጫወተው ሃንሺሮ ከፈረሰው የፉኩሺማ መስፍን ቤት የቀረ ሰው ነው። ወደ አንድ ትልቅ መስፍን ቤት ሄዶ «በግቢያችሁ ሆዴን ልቅደድ» ይላል፤ ሳሙራይ በክብር ራሱን የሚገድልበት ሥርዓት ነው። ከእሱ በፊት አንድ ወጣት ሮኒን እንዲሁ ብሎ መጥቶ ነበር። ወጣቱ የሰይፉን ስለት ሸጦ ሰገባው ውስጥ ቀርከሃ ከትቷል። የቤቱ ሰዎች ይህን እያወቁ በዚያው በቀርከሃው እንዲሞት ያስገድዱታል።

ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች ይባላል። ሮኒን ያ መተማመኛ የተነጠቀው ሰው ነው። ናካዳይ ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላውም፤ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ሆኖ ይጫወታል፣ እናም ታምነዋለህ። ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ ነው የሚያወራው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል። የዚህ ዓይነት ትወና እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሌላ መልስ፦
እስማማለሁ፣ ግን «ተንከራታች»ን አትጣሉት። በዳይሬክተሩ በአኪራ ኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» (1961) ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው ሮኒን እንደፈለገ የሚሄድ ነው፤ ለእሱ ቃሉ ልኩ ነው። በኪሃቺ ኦካሞቶ የ1966 ፊልም ደግሞ ናካዳይ ገና ከመጀመሪያው አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ያለምንም ምክንያት ይገድላል። እሱን «ተፈናቃይ» ብትሉት ታዳሚው ያዝንለታል። «ደም የለመደ» በሉት። እዚያም ሚፉኔ አለ፤ ሰይፍ ከያዡ ነፍስ እንደማይለይ የሚያስተምር መምህር ሆኖ።

«ጨለማ ፊልም» ግን አይሆንም። ሰው የሚረዳው ብርሃን ያነሰውን ሥዕል ነው። «ጨፍጋጋ» ይሻላል፤ ለሰማይም ለሰው ፊትም እንላለን።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ካይሻኩ»ንስ? ሆዱን የሚቀድደውን ሰው አንገት የሚቆርጠውን ማለቴ ነው። «አንገት ቆራጭ» ብዬ ነበር።

መልስ፦
«አንገት ቆራጭ» ገዳይ ያስመስለዋል። ቃሉ በመሠረቱ እርዳታን ነው የሚያመለክተው፤ ሰውየው ብዙ እንዳይሠቃይ ቶሎ ይጨርስለታል። «ገላጋይ» በለው፤ ከጣር የሚገላግል። «ሃራኪሪ» ላይ ቴትሱሮ ታምባ የሚጫወተው ሰው ይህ ነው ሥራው። ወጣቱ በቀርከሃው ሲታገል ግን፣ ሆድህን በደንብ ሳትቀድድ አልቆርጥም ብሎ ቆሞ ያየዋል። ጓደኞችህ ሰውየው ለመገላገል እንደቆመ አስቀድመው ካላወቁ የጭካኔው ልክ አይታያቸውም። እዚያ ትዕይንት ላይ ከመድረስህ በፊት ንገራቸው።