ኤልሳት 152 ላይ ቆሞብኛል፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ማታ አረጋውያን እየተንከባከብኩ፣ ቀን ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለኤልሳት አጠናለሁ። ሰባት ወር ሆነኝ። ነጥቡ ከ120 እስከ 180 ነው፤ በ144 ጀምሬ 152 ደረስኩ፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። 160 ባገኝ ደስ ይለኛል።

ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሎጂክ ጨዋታው፣ ማለትም በተሰጡ ደንቦች ነገሮችን የመደርደር እንቆቅልሹ፣ ቀርቷል። እንደ እኔ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ጉዳቱ ይሰማኛል፤ አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሁለት የሎጂካል ሪዝኒንግ (አጭር ክርክር አንብቦ የመመዘን) ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው፤ ሁሉም ቋንቋ ነው።

ሰዓት ሳልይዝ ስሠራ አብዛኛውን አገኛለሁ። ለአንዱ ክፍል የተሰጠው 35 ደቂቃ ሲቆጥር ግን ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ሦስት ጊዜ እደግማለሁ። «አንለስ» የምትለዋ ቃል ስትመጣ በሆዴ «ካልሆነ በስተቀር» ብዬ ወደ አማርኛ ካልገለበጥኩ አትገባኝም። እስክገለብጥ ደቂቃው ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስት ጥያቄዎች በግምት እሞላለሁ። ትናንት እንዲሁ ሆኖ አለቀስኩ።

ከእናንተ መካከል በአማርኛ እያሰበ ተምሮ ይህን ፈተና ያለፈ አለ? መተርጎሙን እንዴት ተዋችሁት? ለፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ልግባበት ወይስ ላራዝመው? መፈተን የሚቻልበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ በከንቱ ማባከን አልፈልግም። ማክሰኞና እሑድ ከሰዓት ሥራ የለኝም፤ በስልክ አብሮኝ የሚያጠና ካለ ዝግጁ ነኝ።