የአይኤልትስ ሊስኒንግ፦ የሰማሁትን ጽፌ ለምን እሳሳታለሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? ለአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው) ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ያስቸገረኝ ሊስኒንጉ፣ ማለትም የማዳመጥ ክፍሉ ነው። ትናንት ስለማመድ በድምፅ ቅጂው ላይ ያለችው ሴትዮ «ማክሰኞ» ስትል ቶሎ ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው «አይ፣ ማክሰኞ ስብሰባ አለኝ፣ ሐሙስ ይሁን» አለች። እኔ ቀጣዩን ጥያቄ እያነበብኩ ነበር፤ አመለጠኝ። ከ40ው 22 አገኘሁ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔንም ስንቴ ጥሎኛል መሰለሽ። መጀመሪያ የሰማሽውን ጫር አድርጊው እንጂ መልስ ነው ብለሽ አትዝጊው። «በት» (ግን)፣ «አክቹዋሊ» (እንዲያውም)፣ «ሶሪ» (ይቅርታ) ሲሉ ጆሮሽን አቁሚ። ትክክለኛው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የምርጫ ጥያቄ ላይ ደግሞ የሦስቱም ምርጫ ቃላት ሊጠሩ ይችላሉ። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ አባባል ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ ሐሳቡን ተከተይ። አንድ ካመለጠሽ ተይው፣ ድምፁ አይደገምም። እሱን ስታስቢ ሌሎች ሁለት ያልፉሻል።

መልስ 2፦
ስፔሊንግ እንዳትረሺ። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ተብሎ ሦስት ከጻፍሽ ስህተት ይባልብሻል። «ሰርቲን» (13) እና «ሰርቲ»ንም (30) ለይተሽ መስማት ተለማመጂ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! የምፈተነው በኮምፒውተር ነው፤ መጨረሻ ላይ መልሴን ለማየት ያለኝ 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ያንኑ ልምምድ ደግሜ እሠራዋለሁ።