የፋላኖፕሲስ አማቢሊስ ሥር ለምን ይበሰብሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነጭ አበባ የሚያወጣውን ይህን ኦርኪድ በአፈር ተክዬ በየሁለት ቀኑ ውኃ ባጠጣውም ቅጠሉ እየተሸበሸበ ሄደ፤ አፈሩን ስገልጠው ሥሩ ቡናማ ሆኖ በጣቴ መካከል ፈረሰ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተክሉ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ ደኖች የሚኖረው በዛፍ ላይ ተጣብቆ፣ ሥሩንም አየር እያገኘው ስለሆነ፣ አፈር ውስጥ መቅበር እሱን ማፈን ነው። የበሰበሰውን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቆርጠው ያስወግዱና ውኃ በማይቋጥር የዛፍ ቅርፊት ይትከሉት። ጤነኛው ሥር ሲደርቅ ብርማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ስለሚሆን፣ ውኃ የሚያጠጡት ብርማ መሆኑን ሲያዩ ብቻ ይሁን።

ሌላ መልስ፦ በቅጠሎቹ መሃል ውኃ እንዳይተኛ እባክዎ ይጠንቀቁ፤ ሌሊቱ ከ16 ዲግሪ በታች የሚቀዘቅዝ ከሆነም ከመስኮቱ ያርቁት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አራት ጠንካራ ሥሮች ተርፈውታል፤ ዛሬውኑ ከአፈሩ አወጣዋለሁ።