ማጽደቁ ተሰረዘ፣ መልእክቱ ግን ሾፌሩ ስልክ ውስጥ ቀረ

የሚዛን ቤቷ
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ገላን፣ የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው። ቢሮዬ ከመኪና ሚዛኑ አጠገብ ስለሆነ ስሕተቴን በኢሜይል አልሰማም፤ ሾፌሩ ራሱ መስኮቴን ያንኳኳል።

የዕቃ ማውጫ ፈቃዱን ፕሮግራም የሠራሁት በጃቫ ነው፤ ስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ማዕቀፍ)፣ ካሙንዳ 7 (የሥራውን ሒደት ደረጃ በደረጃ የሚመራው) እና ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ)። ሽያጭ ክፍል ይጠይቃል፣ ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃሉ። ከዚያ ከክምችት ይቀነሳል፣ ለሾፌሩ አጭር መልእክት ይላካል፣ በመጨረሻ መረጃው ወደ ሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ይተላለፋል።

ማክሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ 240 ቤርጋ (ዘንግ) ባለ 12 ፌሮ አጸደቁ። በዚያው ሰዓት ሒሳብ ክፍል መብራት ሄዶ ነበር። ስሕተት ሲያዩ እንደገና ተጫኑ፤ ደግሞ ሦስተኛ። ሾፌሩ «ዕቃዎ ተፈቅዷል» የሚል ሦስት መልእክት ይዞ አይሱዙውን በር ላይ ገተረ። መጋዘን ኃላፊው ሲከፍቱት ጥያቄው «ማጽደቅ ይጠብቃል» ይላል፤ ክምችቱም አልተነካም። ሞዴል 22 (የዕቃ ማውጫ ቅጽ) በእጅ በሚሞላበት ዘመን እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም አሉ፣ እኔን እኔን እያዩ።

ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጸናል፣ ወይ ሁሉም ይሰረዛል በሚባለው ጥቅል) ነው የጠቀለልኩት። ታዲያ ግማሹ ሆኖ ግማሹ የቀረው ለምንድን ነው?

ኮድ በሌሊት
የሒሳቡን ጥሪ በትራይ ካች (ስሕተት በሚይዘው የኮድ ክፍል) ያዢውና እለፊ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሚዛን ቤቷ
ያንን ሞክሬዋለሁ። የሒሳቡ ክላስ ራሱ የትራንዛክሽን ምልክት አለበት፤ ስሕተቱ ከእሱ ሲወጣ የጋራው ትራንዛክሽን «ሮልባክ ብቻ» (ወደ ኋላ መመለስ ብቻ) የሚል ማኅተም ይመታበታል። እኔ ብይዘውም ኮሚት (ማጽናቱ) ላይ ይፈነዳል።

ኮድ በሌሊት
እንግዲያው ክምችት ቅነሳውን በ«ሪኳየርስ ኒው» (በራሱ አዲስ ትራንዛክሽን) ለብቻው አድርጊው።

ጡረታ የቀረበው
ልጄ፣ ይህን እንዳትሰሚ! ቅነሳው ለብቻው ኮሚት ቢደረግ ኖሮ ሦስቴ ሲጫኑ 720 ቤርጋ ይቀነስ ነበር፤ ያኔ መጋዘን ኃላፊው በዓይን ብቻ አይተዉሽም።

ዳታቤዝሽ አልተሳሳተም። ካሙንዳ አንድ ሥራ ሲጠናቀቅ በዚያው ትራንዛክሽን ወደፊት ይሄዳል፤ ኮሚት የሚያደርገው ሰው ወይም ሰዓት የሚጠበቅበት ማረፊያ ላይ ሲደርስ ነው። ከማጽደቁ በኋላ እስከ መጨረሻው ማረፊያ የለም። ሦስተኛው ሲወድቅ ሁሉም ወደ ኋላ ተመልሶ ማጽደቁ ላይ ቆመ። አጭር መልእክቱ ግን የዳታቤዝ መስመር አይደለም፤ ከእጅ የወጣን ሮልባክ አይሰበስበውም። ባለ ሁለት ምዕራፍ ኮሚት (ሁለቱም ወገን መዘጋጀቱን ካረጋገጠ በኋላ አብሮ የሚያጸናበት) የሚሉሽም ይኖራሉ፤ እሱ የሚሠራው ወዲያኛውም ወገን ፕሮቶኮሉን ሲያውቅ ነው፣ መልእክት ላኪው ደግሞ አያውቀውም።

ቅነሳውን ከማጽደቁ ጋር ተዪው። ከዚያ ሒሳቡ ላይ «አሲንክ ቢፎር» (እስከዚህ ያለው ይጽና፣ ይህ ቆይቶ ለብቻው ይሠራ የሚል ምልክት) አድርጊ። ማጽደቁና ቅነሳው አብረው ኮሚት ይሆናሉ፣ ሒሳቡም በዚያው ኮሚት የሥራ ወረፋ ሠንጠረዥ ውስጥ ይጻፋል፤ ቆይቶ ከጀርባ የሚሠራው ክፍል ያነሣዋል። አጭር መልእክቱን መጨረሻ ላይ አውርጂው፤ እሱንም አሲንክ አድርጊው። ሒሳብ ያልደረሰውን ጭነት ለሾፌር ማብሰር ምን ያጣድፋል?

ካሙንዳ ሳይነግሩት 3 ጊዜ ሞክሮ ያቆማል። ለእናንተ ሰፈር መብራት አይበቃም፤ በየ10 ደቂቃው 12 ጊዜ በይው። ሌላው፣ ጥሪው ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀር ድጋሚ መላኩ አይቀርም። ስለዚህ የጥያቄውን ቁጥር አብረሽ ላኪ፤ ሒሳቡም ቁጥሩን በዩኒክ ኢንዴክስ (አንድ ቁጥር ሁለቴ እንዳይገባ በሚከለክል የዳታቤዝ ማውጫ) ይዞ ሁለተኛውን አይቀበል።

የሚዛን ቤቷ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ የሒሳቡን ኮምፒውተር ገመድ ነቅዬ ሞከርኩት። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ተጫኑ፣ ክምችቱ በ240 ቀነሰ፣ መልእክት አልወጣም። ገመዱን መልሼ ሰካሁና ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሒሳቡ ገብቷል፤ መልእክቱም አንድ ብቻ ሄዷል። ቁጥሩን የመፈተሹን ነገር ከሒሳብ ክፍሉ ባለሙያ ጋር እየተጨቃጨቅንበት ነው።

መጋዘን ኃላፊው አሁንም ደብተራቸው ላይ በቢክ ይጽፋሉ። ሾፌሩም የማክሰኞዎቹን ሦስት መልእክቶች አላጠፋም፤ ባገኘኝ ቁጥር እያሳየ 720 ቤርጋ ይገባኛል ይለኛል።