የኮምፕረሰር ሞተር በ8 ወር ውስጥ 2 ጊዜ ተቃጠለብኝ፤ የሙቀት ሴንሰር ላስገባለት?

የዋንዛ ልጅ (ጅማ፣ ሄርማታ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሄርማታ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በርጩማ፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን እንሠራለን፤ አብዛኛው ዋንዛ ነው። ቫርኒሽ የምንረጨው በአየር ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ከቆመ የተጀመረው ዕቃ ሁሉ ቆሞ ይውላል።

ኮምፕረሰሩ ባለ ፒስቶን፣ በቺንጊያ የሚዞር ነው። ሞተሩ 3 ፌዝ፣ 7.5 ኪሎዋት ነው። ታርጋው ላይ 380 ቮልት፣ 15.4 አምፒር፣ ኢንሱሌሽን ክላስ ኤፍ ይላል። መስከረም ላይ ተቃጠለ፣ ሽቦውን በአዲስ አስጠቀለልኩት። ግንቦት ላይ ደገመኝ። ያን ቀን አጠገቡ ነበርኩ። የሚቃጠል ቫርኒሽ ሸተተኝ፤ የራሳችን ርጭት መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ያልገባኝ ነገር ኦቨርሎዱ (አምፒር ሲበዛ የሚቆርጠው) ነው። ልክ 15.4 ላይ ተስተካክሎ ነው ያለው፤ ግን ሁለቱንም ጊዜ አልቆረጠም።

ሞተሩ አሁን ጠቅላዩ ቤት ነው። ሽቦው ገብቷል፣ የሽቦው መከለያ ቫርኒሽ የሚቀባው ሐሙስ ነው። ሴንሰር ላስገባለት አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ልግዛ? የት ይቀመጣል? ከውጭ አካሉ ላይ ብለጥፈውስ አይበቃም?

የወፍጮ ቤቱ (አጋሮ)

እኔ ወፍጮዬ ላይ ክሊክሰን ነው ያስገባሁት። ሲግል ራሱ የሚከፈት ቁልፍ ነው። ሌላ ሪሌ አይፈልግም፤ የኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ትልቁ ቁልፍ) ኮይል መስመር በእሱ ውስጥ ታሳልፈዋለህ፣ አለቀ። ዋጋውም ቀለል ይላል። ከውጭ ማሰር እንደሚቻል ግን አላውቅም፣ የኔ ውስጥ ነው።

የድሮ ጠቅላይ

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ለጠቅላይህ ደውልና ቆይ በለው። ሴንሰር የሚገባው ቫርኒሹ ከመቀባቱ በፊት ነው። ከደረቀ በኋላ ጥቅሉን ፈልቅቆ ማስገባት ሽቦውን ማቁሰል ነው።

26 ዓመት ሞተር ጠቅልያለሁ። የተቃጠለ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የጥቅሉን ቀለም ነው። ሶስቱም ፌዝ እኩል ከጠቆሩ ጭነት በዝቶበት ወይም አየር አጥቶ ነው። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ጠቁረው የቀረው ደህና ከሆነ ፌዝ ጎድሎበት ነው። ያንተ እንዴት እንደነበር ጠይቀው፤ ካላየህ ግማሹን ወሬ አጥተሃል።

ኦቨርሎድ የሚያውቀው አምፒር ብቻ ነው። ፋኑ በሰጋቱራ ቢታፈን አምፒሩ ያው ነው፣ ሽቦው ግን ይጋያል። ከውጭ የሚለጠፈውም አያድንህም። ሽቦው ከ150 ዲግሪ ሲያልፍ አካሉ ገና እየሞቀ ነው፤ ወሬው ሲደርስ ሞተሩ የለም።

ክሊክሰን መጥፎ አይደለም። ካገኘህ ግን ፒቲሲ ቴርሚስተር የምትባለውን ሴንሰር ግዛ። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ሙቀቱን ቶሎ ትሰማለች። 3 ትገዛለህ፣ ለየፌዙ አንዳንድ፣ እንደ ሰንሰለት ተከታትለው ይያያዛሉ። ክላስ ኤፍ እስከ 155 ዲግሪ ይችላል፤ ብዙ ሰውም የ155ቷን ያስገባል። እኔ በእጅ ለተጠቀለለ ሞተር የ145ቷን እመርጣለሁ። ከሙቀት ወሰኑ በላይ በየ10 ዲግሪው የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል ይባላል በሙያችን፣ በዓይኔም አይቼዋለሁ።

ቦታዋ ፑሌጃው (ቺንጊያው የሚዞርበት) ባለበት በኩል ነው። ፋኑ ከኋላ ስለሚነፍስ አየሩ እዚያ የሚደርሰው ሞቆ ነው። ጥቅሉ ከስሎቱ (ከብረቱ ቦይ) ወጥቶ በሚታጠፍበት ጭንቅላት ላይ፣ ሽቦዎቹ መሃል ሰርስራ ትግባ። ላዩ ላይ ከታሰረች የምትለካው አየሩን ነው። ከዚያ ጥቅሉ በክር ይታሰር፣ ቫርኒሹን በደንብ ይጠጣ። ሁለቱ ቀጫጭን ጫፎች ወደ ተርሚናል ሳጥኑ ይውጡ፤ ከ380ው ጋር እንዳይነካኩ።

ቦርዱ ላይ የቴርሚስተር ሪሌ ይገጠማል፣ የሪሌው ቁልፍ ኮይሉን ይቆርጣል። ሪሴቱ በእጅ የሚሆነውን ግዛ። በራሱ የሚመለስ ከሆነ የታንኩ አየር ቀንሶ ፕሬዠር ስዊቹ በጠራ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል፤ ለምን እንደጋለ ሳታይ። ቺንጊያው ላይ እጁን ያስገባ ሰው ቢኖርስ?

መፈተሻ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሶስቱ ተደምረው ከ750 ኦም በታች ማሳየት አለባቸው። ሲግሉ በአንዴ ወደ ሺዎች ይዘላሉ፣ ሪሌው የሚቆርጠውም ያኔ ነው። በመልቲሜትር ብቻ ለካቸው። በሜገር (በከፍተኛ ቮልት ኢንሱሌሽን በሚፈትሸው) ሁለቱን ጫፎች ከያዝክ 500 ቮልቱ ይገድላቸዋል።

አሁን የኔ ጥያቄ። ሞተሩ የሚነሳው በስታር ዴልታ (መጀመሪያ ቀለል አድርጎ አስነስቶ ወደ ሙሉ ጉልበት በሚያዞረው) ነው? ከሆነ ኦቨርሎዱ የት ነው ያለው? ከዋናው ኮንታክተር በታች፣ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ከሆነ፣ በዴልታ ጊዜ በእሱ የሚያልፈው የመስመሩ አምፒር 58 በመቶ ብቻ ነው። 15.4 ላይ ማስተካከል እንዳልነበረ ነው። 8.9 አካባቢ ነው መሆን ያለበት። ይህን ስህተት ስንት ቦርድ ላይ እንዳየሁት!

የዋንዛ ልጅ (ጅማ፣ ሄርማታ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሄጄ ቦርዱን ከፈትኩት። ስታር ዴልታ ነው፤ ኦቨርሎዱም እርስዎ እንዳሉት ከዋናው ኮንታክተር ሥር ነው። ሞተሩ 26 አምፒር ቢጎትት እንኳን ዝም ይል ነበር ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ለጥቅለላ የከፈልኩት ገንዘብ በዚህች አንዲት ብሎን! ጠቅላዩ ደግሞ ሶስቱም ፌዝ እኩል ጠቁረው ነበር ብሎኛል።

እና ኦቨርሎዱን ካስተካከልኩ ሴንሰሩ ይቅርብኝ?

የድሮ ጠቅላይ

አይቅር። ሞተሩ ድንገት ቢያዝ አምፒሩ ወዲያው ይዘላል፣ ቀድሞ የሚደርስልህ ኦቨርሎዱ ነው። አየር ሲያጣ ወይም ቶሎ ቶሎ እየቆመ ሲነሳ የሚያውቀው ሴንሰሩ ነው። ሁለቱም ይኑሩ።

አስተማሪዋ (ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ)

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጅማን ስለሚመለከት። ሞተር ታርጋው ላይ ያለውን ጉልበት የሚሰጠው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ፣ ዙሪያው እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ተብሎ ነው። እኛ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ስሌት ከ1,000 በላይ በየ100 ሜትሩ ለሙቀት ጭማሪ የተፈቀደው 1 በመቶ ይቀነሳል። ለክላስ ኤፍ ሲሰላ፣ እዚህ ከተማ ሞተሩ ሙሉ ጭነት በሰላም የሚሸከመው ዙሪያው 32 ዲግሪ ገደማ እስከሆነ ድረስ ነው። የጅማ አየር ደግነቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ደጅ ከሆነ ችግር የለም። ኮምፕረሰሩን በቆርቆሮ ቤት ከዘጋህበት ግን ሌላ ነው። ክፍሉን በቴርሞሜትር ለካው እስቲ፣ ከሰዓት በኋላ። ቮልቴጁንም በሥራ ሰዓት ለካ፤ ቮልት ሲወርድ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚጎትተው አምፒር ይጨምራል።

ቫርኒሽ የምትረጩበት ክፍል ውስጥ ከሆነም አውጣው። ትነቱ በብልጭታ ይያያዛል።

የዋንዛ ልጅ (ጅማ፣ ሄርማታ)

እህቴ፣ ለካሁት። ከሰዓት በ9 ሰዓት ክፍሉ 41 ዲግሪ ነበር። ቮልቱ ደግሞ 352። ድምጽ እንዳይረብሸን ብዬ በቆርቆሮ ዙሪያውን የዘጋሁበት እኔው ነኝ። በማግስቱ በሁለት በኩል ከፍቼ ወንፊት ሽቦ አደረግኩበት። ከርጭቱ ክፍል ግን ድሮም በግድግዳ የተለየ ነው።

ሌላም አገኘሁ። ማታ ሁሉንም ዘግተን ታንኩን 8 ባር ላይ ተውነው። በ40 ደቂቃ ወደ 3 ወረደ። የአየር ጎማዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያፈስስ ነበር፤ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ለዚያ ቀዳዳ ኖሯል። በሳሙና አረፋ እያየን ዘጋነው።

ቴርሚስተሮቹንና ሪሌውን ከአዲስ አበባ መርካቶ በሰው አስመጣሁ። ጠቅላዩ ሳይሰለች ለአንድ ሳምንት ጠበቀኝ። 145ቷን አስገባን። ቀዝቃዛ ሆኖ 210 ኦም አነበበ። ሪሌውን ለመፈተን ሳጥኑ ውስጥ አንዱን ጫፍ ስንፈታው ኮንታክተሩ ወዲያው ጣለ። ኦቨርሎዱ አሁን 8.9 ላይ ነው።

የዋንዛ ልጅ (ጅማ፣ ሄርማታ)

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ባለፈው ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ሞተሩ ቆመ። የሪሌው ቀይ መብራት በርቷል። ኦቨርሎዱ አልቆረጠም። ሮጬ ስገባ ሞተሩ በላስቲክ ተሸፍኗል። ጣራው ያፈስሳል፣ ዝናቡ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ለማጅ ልጃችን ውሃ እንዳይነካው ብሎ ከነፋኑ ሸፍኖት። አልተቆጣሁትም። ሞተሩን ሊያድን ነው የፈለገው፤ የፋኑን ነገር ያላስረዳሁት እኔ ነኝ። አሁን መዳፉን አስጠግቶ አየሩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አሳየሁት።

ላስቲኩን አንስተን ስንጠብቅ 25 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሪሴቱን ተቀበለ። ሞተሩ ደህና ነው፣ ሽታም የለውም። ያን ቀን ሴንሰሩ ባይኖር ለሶስተኛ ጊዜ ጠቅላዩ ቤት ነበርኩ። ጋሼ፣ ሌላ ላየው የሚገባኝ ነገር አለ?

የድሮ ጠቅላይ

እሰይ! ሞተሩ ተርፏል። ዝናብ ነክቶት ከሆነ ግን ከጥቅሉ ወደ አካሉ በሜገር ፈትሸው። ከመጀመርህ በፊት የሴንሰሩን ጫፎች ከሪሌው ፍታና ሁለቱን አንድ ላይ አስረህ ከአካሉ ጋር አገናኛቸው፣ እንዳይጎዱ። ጣራውንም በዚህ ሳምንት አስጠግን። ልጁ ነገ ደግሞ ዝናቡን ሲያይ የሚሸፍነው ነገር መፈለጉ አይቀርም።